ዋጋ ሊወርድ ሲል ቻርቱ ምን ያሳያል? ቤሪሽ ፓተርኖችን እንዴት እናንብብ

ቤሪሽ ፓተርን የሚባሉት ዋጋ ወደ ታች ሊሄድ እንደሚችል የሚጠቁሙ የቻርት ቅርጾች ናቸው። ሄድ ኤንድ ሾልደርስ፣ ደብል ቶፕ፣ ራይዚንግ ዌጅ፣ ዲሴንዲንግ ትሪያንግል፣ ቤር ፍላግ እያለ ስማቸው ይቀጥላል። ስሞቹን መሸምደድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ሁለት ቁጥር መጻፍ ነው። ዋጋው ከየት በታች ሲዘጋ ነው ቅርጹ ተጠናቀቀ የምንለው? ከየት በላይ ሲመለስስ ነው አልሆነም ብለን የምንወጣው? እነዚህን ሁለት ዋጋዎች ከመግባታችሁ በፊት መጻፍ ካልቻላችሁ በእጃችሁ ያለው ግምት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለመድረስ ነው።

መጀመሪያ የሚገለበጥ ነገር ይኑር

ቤሪሽ ፓተርኖች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወደ ላይ ሲሄድ የቆየን ገበያ የሚገለብጥ ነው፣ ሪቨርሳል ይሉታል። ሁለተኛው እየወረደ ያለ ገበያ ትንሽ አረፍ ብሎ መውረዱን ሲቀጥል የሚታየው ነው፣ ኮንቲኑዌሽን ይባላል። ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ለሳምንታት ወደ ጎን ሲንቀዋለል በቆየ ገበያ መሃል ኤም የምትመስል ቅርጽ ያይና ደብል ቶፕ አገኘሁ ይላል። ግን ከዚያ በፊት ያደገ ዋጋ ከሌለ የሚገለበጥ ነገር የለም።

ስለዚህ ቅርጽ ከመፈለጋችሁ በፊት ቻርቱን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጋችሁ ትሬንዱን፣ ማለትም የዋጋውን አጠቃላይ አቅጣጫ እዩ። ከዎል ስትሪት ጆርናል መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከቻርልስ ዳው ጽሑፎች ተነስቶ የዳበረው የድሮ ትርጉም ዛሬም ይሠራል፤ እያንዳንዱ ከፍታ ከበፊቱ ከፍታ ሲበልጥ፣ እያንዳንዱ ዝቅታም ከበፊቱ ዝቅታ ሲበልጥ ገበያው አፕትሬንድ (ወደ ላይ የሚሄድ አቅጣጫ) ላይ ነው። ይህ ደረጃ ሲሰበር፣ ማለትም መጀመሪያ ያነሰ ከፍታ፣ ቀጥሎ ያነሰ ዝቅታ ሲመጣ፣ አፕትሬንዱ አበቃ። እንዲህ ካሰባችሁት አብዛኞቹ የሪቨርሳል ፓተርኖች ይህንኑ አንድ ክስተት በተለያየ መልክ የሚስሉ ናቸው። ስማቸው ቢጠፋባችሁ እንኳ ቻርቱን ማንበብ ትችላላችሁ።

ሄድ ኤንድ ሾልደርስ

ይህን ዘርዘር አድርገን እንየው፣ ምክንያቱም ይህ የገባው ሰው ሌሎቹ ቀላል ይሆኑለታል። ዋጋው ያድግና አንድ ከፍታ ሠርቶ ይወርዳል፣ ይህ የግራ ትከሻ ነው። ከዚያ ገዢዎች መልሰው ይገፉትና አዲስ ከፍታ ይሠራል፣ ይህ ራሱ ነው። እስከዚህ ድረስ አፕትሬንዱ ጤነኛ ይመስላል። ነገር ግን ከራስ ሲወርድ የግራ ትከሻውን ከፍታ አልፎ ወደ ቀድሞው ዝቅታ አካባቢ ይመለሳል። ያኔ ነው መጠርጠር። ገዢዎች ለሦስተኛ ጊዜ ይሞክራሉ፣ ራሱ የደረሰበት ሳይደርሱ ግን ይደክማሉ። የቀኝ ትከሻ ተሠራ ማለት ነው፣ ያነሰ ከፍታ።

አሁን ሁለቱን ዝቅታዎች በመስመር አገናኙ። ይህ ኔክላይን ነው። መስመሩ ጠፍጣፋ ላይሆን ይችላል፣ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያዘነብል ችግር የለውም፣ በጣም ከተንጋደደ ግን ቅርጹን ተዉት። ኔክላይኑ እስካልተሰበረ ድረስ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ የሚባል ነገር የለም። ሦስት ጉብታ ያለው አፕትሬንድ ነው ያለው፣ እንደዚያ ያሉ ቅርጾች ደግሞ ወደ ላይ ሰብረው ሲሄዱ በየጊዜው ይታያሉ።

ኔክላይኑ ሲሰበር ዋጋው ለምን ፈጥኖ ይወርዳል? በቀኝ ትከሻ አካባቢ የገዙ ሰዎች ስቶፕ ሎሳቸውን (ኪሳራ እንዳይበዛ በራሱ የሚያስወጣ ትዕዛዝ) ያስቀመጡት ከኔክላይኑ ትንሽ ዝቅ ብለው ነው። ዋጋው እዚያ ሲደርስ የእነሱ ስቶፕ ወደ ሽያጭ ትዕዛዝ ይቀየራል፣ ሽያጩ ዋጋውን ያወርዳል፣ የወረደው ዋጋ ደግሞ ቀጣዮቹን ስቶፖች ይነካል። በዚያ ላይ አዲስ ሾርት የሚያደርጉ፣ ማለትም ተበድረው ሸጠው ዋጋው ሲወርድ መልሰው በመግዛት ለማትረፍ የሚፈልጉ ሰዎች ይገባሉ። ቅርጹ አስማት የለውም፣ የተያዙ ገዢዎች የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ ነው። ማንኛውንም ቤሪሽ ፓተርን ስታዩ ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህንን ይሁን፤ አሁን ኪሳራ ላይ ያለው ማን ነው? ተገዶ የሚሸጠውስ ዋጋው የት ሲደርስ ነው?

ቮልዩምም፣ ማለትም የተገበያየውን መጠን እዩ። በመማሪያዎቹ ላይ የሚገለጸው ዓይነተኛ ሁኔታ በግራ ትከሻ ወይም በራስ ላይ ብዙ ቮልዩም፣ በቀኝ ትከሻ ላይ የቀነሰ፣ ኔክላይኑ ሲሰበር ደግሞ እንደገና የጨመረ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም። በተለይ ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ገበያ) ላይ ገበያው አንድ ማዕከል ስለሌለው የምታዩት ቮልዩም የብሮከራችሁን ወይም የዋጋ መቀያየር ብዛትን የሚያሳይ እንጂ የመላው ገበያ አይደለም፣ ስለዚህ እዚያ ብዙ አትመኩበት።

ቁጥሮቹ በምሳሌ

ራሱ 120 ላይ ነው እንበል፣ ኔክላይኑ 100፣ የቀኝ ትከሻው 110። ከራስ እስከ ኔክላይን ያለው ርቀት 20 ነው። ይህንኑ ከኔክላይኑ ወደ ታች ስትቆጥሩ ታርጌቱ (ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው ዋጋ) 80 ይሆናል። የቀኑ ካንድል (የቀኑን መክፈቻ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ የሚያሳይ ምልክት) 98 ላይ ዘጋ፣ ሾርት ገባችሁ። ስቶፑ ከቀኝ ትከሻው በላይ 111 ላይ ይሁን። አደጋው 13፣ የሚጠበቀው ትርፍ 18። ለአንድ አደጋ የሚጠበቀው ትርፍ 1.4 ገደማ ነው። ጥሩ ነው ለማለት ይከብዳል።

ለዚህ ነው ብዙ ልምድ ያላቸው ትሬደሮች ሪቴስት የሚጠብቁት። ዋጋው ኔክላይኑን ከሰበረ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ከታች በኩል ይነካዋል፣ ቀድሞ ሰፖርት (ከታች የሚደግፍ ወለል) የነበረው አሁን ሬዚስታንስ (ከላይ የሚያግድ ጣሪያ) ሆኖ ይገፋዋል። ወደ 102 ከፍ ብሎ ተገፍቶ 99.5 ላይ ብትገቡ፣ ስቶፑን 103 ላይ ብታስቀምጡ አደጋው 3.5 ብቻ ይሆናል፣ ትርፉ 19.5። ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ዋጋ አለው እንጂ በነጻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሪቴስቱ ሳይመጣ ገበያው ጥሎን ይሄዳል፣ የጠበበ ስቶፕ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይነካል። እኔ ያመለጠ ትሬድ ከተበላ ስቶፕ ይሻላል ባይ ነኝ።

መጠኑንም የሚወስነው ስቶፑ ነው። 5,000 ዶላር አካውንት ያለው ሰው በአንድ ትሬድ ከ1 በመቶ በላይ አላጣም ካለ፣ ሊያጣ የሚችለው 50 ዶላር ነው። በ13 አደጋ ሲካፈል 3 አክሲዮን፣ በ3.5 ሲካፈል 14 አክሲዮን። መጀመሪያ ስቶፕ፣ ከዚያ መጠን። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፣ መጠኑን በስሜት ይወስንና ስቶፑን ለኪሱ እንዲስማማ ያጠጋዋል፣ ከዚያ ገበያው በትንሽ ንቅናቄ ያስወጣዋል።

መስመሩ ተሰብሮም ሊከሽፍ ይችላል

እ.ኤ.አ. በ2009 የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) ቻርት ላይ ከሜይ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ድረስ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ ተሠርቶ ነበር። ትከሻዎቹ 930 አካባቢ፣ ራሱ 956 አካባቢ፣ ኔክላይኑ 880 ገደማ። ሰው ሁሉ ያየው ቅርጽ ነበር። በጁላይ የመጀመሪያ ሳምንታት ዋጋው ኔክላይኑ ላይ ወርዶ ለቀናት በጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ፣ ግን የሚጠበቀው ውድቀት አልመጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ዞሮ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ ዓመቱን የዘጋው 1,115 ላይ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ መስመሩን መንካትና መስበር አንድ አይደሉም። የካንድሉ ጭራ (ከመክፈቻና ከመዝጊያ ዋጋው ውጪ የወጣው ቀጭን መስመር) ከመስመሩ በታች ብቅ ቢል አይበቃም፣ ካንድሉ ከመስመሩ በታች፣ ያውም በቂ ርቀት ላይ መዝጋት አለበት። ሁለተኛ፣ የከሸፈ ቤሪሽ ፓተርን በጣም ኃይለኛ የሆነ የመውጣት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሾርት ያደረጉት ሁሉ ለመውጣት መልሰው መግዛት ግድ ይሆንባቸዋል። ዋጋው ተመልሶ የቀኝ ትከሻውን ካለፈ አትከራከሩ፣ ውጡ።

ደብል ቶፕ፣ በቢትኮይን ቻርት

ደብል ቶፕ ኤም ይመስላል። ዋጋው አንድ ከፍታ ላይ ይደርሳል፣ ይወርዳል፣ ተመልሶ እዚያው አካባቢ ይደርስና እንደገና ይገፋል። የሚሰበረው መስመር በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለው ዝቅታ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ጫፍ እንደተሠራ ወዲያው ሾርት ይገባል። መሃሉ ያለው ዝቅታ እስካልተሰበረ ድረስ ግን ያላችሁ ሬዚስታንስ ነው፣ ሬዚስታንስ ደግሞ ሊሰበርም ይችላል።

ቢትኮይንን ውሰዱ። በኤፕሪል 2021 ወደ 64,800 ዶላር ወጣ፣ በጁንና በጁላይ ወደ 29,000 ወረደ፣ በኖቬምበር 2021 ደግሞ 69,000 ነካ። ሁለተኛው ጫፍ ከመጀመሪያው ስለሚበልጥ ደብል ቶፕ አይባልም የሚሉ አሉ። እኔ ግን እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም ሁለተኛው ጫፍ ትንሽ አልፎ ሲመለስ፣ ብሬክአውት (ጣሪያውን ሰብሮ መውጣት) መጣ ብለው የገዙት ሰዎች ላይኛው ጫፍ ላይ ተይዘው ይቀራሉ። ሲወርድ እነሱ ናቸው የሚሸጡት።

አሁን መስመሩ የት ነው? 29,000 አካባቢ። ዋጋው በሜይ 2022 እዚያ ደረሰ፣ ለጊዜው በታችም ወረደ፣ ሲንገዳገድ ቆይቶ በጁን ወሳኝ በሆነ መልኩ ሰበረው። ልብ በሉ፣ መስመሩ ሲሰበር ቢትኮይን ከጫፉ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ቅርጹ ትልቅ ሲሆን ማረጋገጫው በጣም ዘግይቶ ይመጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ በሳምንታዊው ቻርት ላይ ትልቁን ቅርጽ እያያችሁ፣ በቀኑ ቻርት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ጫፍ ላይ የተሠራውን ትንሽ ቅርጽ ፈልጉ፣ የእሱ መስመር ቀድሞ ይሰበራል።

ታርጌቱስ? ከ69,000 እስከ 29,000 ርቀቱ 40,000 ነው። ከ29,000 ላይ 40,000 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይሆናል። የማይሆን ነገር ነው። እንዲህ በሰፊው በሚዋዥቅ ገበያ ላይ ርቀቱን በዶላር መቁጠር አያዋጣም፣ በመቶኛ ቁጠሩት፤ ቻርቱንም ወደ ሎግ ስኬል (እኩል መቶኛ ለውጥ እኩል ርቀት ወደሚሆንበት) ቀይሩት። ከ69,000 ወደ 29,000 የ58 በመቶ ቅናሽ ነው፣ ከ29,000 ላይ ሌላ 58 በመቶ ሲወርድ ወደ 12,200 ይመጣል። ቢትኮይን በኖቬምበር 2022 የነካው ታች 15,500 አካባቢ ነበር። አቅጣጫው ልክ፣ ታርጌቱ ግን አልተነካም። ታርጌት ግምት ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ከመጠበቅ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ የተወሰነውን ትርፍ መውሰድ ይሻላል።

ትሪፕል ቶፕ ተመሳሳይ ነው፣ አንድ ጫፍ ይጨመርበታል። ሌላ የሚባል የለውም።

የሚጠቡ መስመሮች

ዲሴንዲንግ ትሪያንግል ከታች ጠፍጣፋ ወለል አለው፣ ከላይ ደግሞ ከፍታዎቹ እያነሱ ይመጣሉ። ሻጮች በየጊዜው በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ እየተስማሙ ነው፣ ገዢዎች ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመው ይከላከላሉ። በ2018 ቢትኮይን 6,000 ዶላር አካባቢ እንዲህ ያለ ወለል ነበረው፤ በየወሩ ማለት ይቻላል ወደዚያ እየወረደ ሲነሳ ከፍታዎቹ ከ10,000 በላይ ጀምረው ወደ 7,400 ገደማ ዝቅ አሉ። በጁን ከወለሉ በታች ብቅ ብሎ ተመለሰ፣ ያኔ የቸኮለ ተበላ። በኖቬምበር አጋማሽ እውነተኛው ስብራት መጣ፣ በአንድ ወር ውስጥ 3,200 አካባቢ ደረሰ። ሰፖርት በተደጋጋሚ ሲነካ ይጠነክራል የሚባለውን ስትሰሙ ይህን ቻርት አስታውሱ። በእያንዳንዱ ንክኪ እዚያ የተቀመጡት የግዢ ትዕዛዞች እየተበሉ ነው።

ራይዚንግ ዌጅ ደግሞ የሚያታልል ነው፣ ምክንያቱም ዋጋው እየወጣ ነው። ሁለቱም መስመሮች ወደ ላይ ያመራሉ፣ ግን የታችኛው ከላይኛው ይልቅ ሽቅብ የተቀሰረ ስለሆነ እየተጠባበቡ ይሄዳሉ። አዲስ ከፍታ ይሠራል፣ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚጨምረው ያነሰ ነው፣ ቮልዩምም አብሮ ይደርቃል። ሾርት የሚገባው የታችኛው መስመር ሲሰበር ነው፣ የተለመደው ታርጌት ዌጁ የጀመረበት ዋጋ ነው። በሰው እጅ የሚሳል መስመር ስለሆነ ለማንም እንደፈለገው ይታጠፍለታል፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ግልጽ ንክኪ ከሌለ አትመኑት።

ቤር ፍላግ ከሁሉም ለመያዝ ቀላሉ ይመስለኛል። ዋጋው በጥድፊያ ይወርዳል፣ ይህ ምሰሶው ነው። ከዚያ በትንሽ ቮልዩም ቀስ እያለ በጠባብ ቻናል ውስጥ ወደ ላይ ይንፏቀቃል፣ ባንዲራው ማለት ነው። የቻናሉ የታች መስመር ሲሰበር የምሰሶውን ርዝመት ያህል ሊወርድ ይችላል ተብሎ ይጠበቃል። ባንዲራው ከምሰሶው ከግማሽ በላይ ካስመለሰ ግን ጥርጣሬ ይግባችሁ፣ ያ እረፍት ሳይሆን ገዢዎች ተመልሰው መጥተው ሊሆን ይችላል።

ካንድሎችና ኢንዲኬተሮች

ነጠላ ካንድሎች ይረዳሉ፣ ግን ብቻቸውን ደካማ ናቸው። ሹቲንግ ስታር ትንሽ አካል (በመክፈቻና በመዝጊያ ዋጋው መካከል ያለው ወፍራም ክፍል) እና ቢያንስ የአካሉን እጥፍ የሚሆን የላይ ጭራ አለው፤ ገዢዎች ወደ ላይ ገፍተው ካንድሉ ሳይዘጋ ተገፍተው ተመልሰዋል ማለት ነው። ቤሪሽ ኢንገልፊንግ ማለት የወረደው ካንድል አካል ከእሱ ቀድሞ ያለውን የወጣ ካንድል አካል ሙሉ በሙሉ ሲውጠው ነው። ሁለቱም ዋጋ የሚኖራቸው ረጅም ከወጣ በኋላ ሬዚስታንስ ላይ ሲታዩ ነው። ለምሳሌ የቀኝ ትከሻው ጫፍ ላይ ኢንገልፊንግ ካያችሁ ሁለቱ ተደጋገፉ። መሃል ሜዳ ላይ የታየ ሹቲንግ ስታር ግን ምንም አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ፣ የካንድል ቀለም እንደ ሀገሩ ይለያያል፤ በጃፓንና በቻይና ቀይ ማለት የወጣ ዋጋ ነው። አዲስ ፕላትፎርም ስትከፍቱ ሴቲንጉን እዩ።

ከኢንዲኬተሮች (ከዋጋው በቀመር ከሚሰሉ መለኪያዎች) አርኤስአይ የሚባለው የዋጋውን ጉልበት ይለካል፣ የእሱ ዳይቨርጀንስ (ከዋጋው ጋር አለመሄድ) ይጠቅማል። ዋጋው ከፍ ያለ ጫፍ ሲሠራ አርኤስአይ ያነሰ ጫፍ ከሠራ ጉልበቱ እየቀነሰ ነው። ራስና ዌጅ ላይ በብዛት ይታያል። ዴዝ ክሮስን ግን ለመግቢያ አትጠቀሙበት። የ50 ቀን አማካይ ከ200 ቀኑ በታች ሲያልፍ ነው ስሙ የሚነሳው፣ ያለፈውን ውድቀት ነው የሚነግራችሁ። በ2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ታቹን የነካው ማርች 23 ነው፣ ዴዝ ክሮሱ የመጣው ማርች 30። አንድ ሳምንት ዘግይቶ።

ይህ ሁሉ እውነት ይሠራል ወይ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2000 አንድሩ ሎ፣ ሃሪ ማሜይስኪ እና ጂያንግ ዋንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ1962 እስከ 1996 ያለውን የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋ በኮምፒውተር አስፈትሸው ነበር። ዓይን ሳይሆን ቀመር ቅርጾቹን እንዲለይ አደረጉ። አንዳንዶቹ ፓተርኖች በርግጥ ስለቀጣዩ ዋጋ መረጃ እንደሚሰጡ አገኙ። ግን መረጃ መኖሩ ብቻውን ትርፍ ያስገኛል ማለት እንዳልሆነም አስረድተዋል፣ ኮሚሽንና ስፕሬድ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) አለ። ስለዚህ ፓተርን የምንጠቀመው ዕድሉን ትንሽ ወደ እኛ ለማዘንበል ነው። ብዙ ጊዜ ተሳስታችሁም ትርፋማ መሆን የምትችሉት ኪሳራው ትንሽ፣ ትርፉ ትልቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ሾርት ማድረግ ግዴታ አይደለም

ቤሪሽ ፓተርን ማንበብ የሚጠቅመው ሾርት ለሚያደርግ ሰው ብቻ አይደለም። አክሲዮን ወይም ኮይን የያዘ ሰው ስቶፑን ከኔክላይኑ በታች ያስጠጋል፣ ግማሹን ይሸጣል፣ ወይም ሊጨምር ያሰበውን ይተዋል። ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው አጠቃቀም ይህ ይመስለኛል።

ሾርት የራሱ አደጋ አለው። የገዛችሁት ነገር ቢበዛ ዜሮ ይገባል፣ ሾርት ያደረጋችሁት ግን ወደ ላይ ማቆሚያ የለውም። በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካው ጌም መሸጫ ኩባንያ የጌምስቶፕ አክሲዮን ወሩን ሲጀምር 20 ዶላር አይሞላም ነበር፣ ጃንዋሪ 27 ላይ የዘጋው ከ347 ዶላር በላይ ነው። ያለ ስቶፕ ሾርት የያዘ ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት አያቅትም። ለአክሲዮኑ የብድር ክፍያም አለ፣ ፊውቸርስ (ወደፊት ለሚፈጸም ግብይት የሚገባ ውል) ላይ ደግሞ ሌቨሬጅ (ካላችሁ ገንዘብ በላይ መገበያየት) ከፍ ሲል ቅርጹ ልክ ሆኖ እንኳ በመሃል ባለ ንቅናቄ አካውንታችሁ ሊኩዊዴት ሊሆን፣ ማለትም የያዛችሁት በግድ ተዘግቶ ገንዘባችሁ ሊያልቅ ይችላል። የዜና ሰዓትም እዩ፤ የወለድ ውሳኔ ወይም የኩባንያ ሪፖርት ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት የተሰበረ ኔክላይን ብዙም አያስተማምን።

አሁን ምን ልጀምር ካላችሁ፣ አንድ ፓተርን ብቻ ምረጡ፣ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ ወይም ቤር ፍላግ። የቀኑን ቻርት ተጠቀሙ፣ የ5 ደቂቃው ለጊዜው ይቅር፣ እዚያ አብዛኛው ጫጫታ ነው። ሪፕሌይ ያለው ፕላትፎርም ከፍታችሁ ቻርቱን ወደ ድሮ መልሱና የቀኙ ጎን እንዳይታያችሁ አድርጉ። ካንድል በካንድል ወደፊት እየሄዳችሁ ቅርጹን ስታዩ አቁሙ፣ የሚሰበረውን መስመር፣ ስቶፑን፣ ታርጌቱን ጻፉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ያለቀ ቻርት ላይ ቅርጽ መፈለግ ምንም አያስተምርም፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ግልጽ ነው። የከሸፉትን ለብቻ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከጎናቸውም መስመሩ በመዝጊያ ዋጋ ተሰብሮ እንደነበር፣ ቮልዩሙ ምን እንደሚመስል፣ ከፊቱ አፕትሬንድ እንደነበረና እንዳልነበረ ጻፉ። ሃምሳ ያህል ሲሞሉ ደርድራችሁ እዩዋቸው፣ የትኛው ሁኔታ ሲጎድል እንደሚከሽፍባችሁ ከራሳችሁ ማስታወሻ ታገኙታላችሁ፣ በእውነተኛ ገንዘብ የምትገቡበትንም መመዘኛ ከዚያ አውጡ።